ማረሻ ያወጣውን ማን ይጠብቃል?

በሐዋሳ ከተማ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ወደዚህ ጉባኤ ስንጋብዛችሁ ብዙዎቻችሁ ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ችግኝ ወይም ስለ እርከን ሥራ የምንናገር መስሏችሁ እንደሚሆን እናውቃለን። የዛሬው ጉዳያችን ከእነዚህ ሥራዎች የተወለደ ቢሆንም ሌላ ነው። መሬት ስትታረስ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ የቤተ ክርስቲያን መሠረት ሲወጣ ከአፈር ውስጥ የሚገኘውን አሮጌ ዕቃ ምን እናድርገው? ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው በእርሻና በአጥቢያ ዙሪያ ለሚዘዋወሩ ወጣቶችስ ምን እንመልስ? በዚህ ላይ እንነጋገር።

ነገሩን ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን፤ ሌላውን ከመምከር በፊት የራስን መናዘዝ ይቀድማልና። ከሐዋሳ ራቅ ባለ አንድ የገጠር አጥቢያ የእርከን ሥራ እየሠራን ሳለ አንድ ገበሬ ማረሻው ያወጣውን ትንሽ የመዳብ መስቀል ይዞልን መጣ። መስቀሉ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። እኛም ደስ አለን፤ ሰውየውን አመሰገንነው፤ ከዚያም መስቀሉን በሎሚና በአመድ ፈተግነው። እንደ አዲስ አበራ። በጀርባው ላይ ቀጫጭን ፊደላት የሚመስሉ ጭረቶች እንደ ነበሩ ያስተዋልነው ካጠፋናቸው በኋላ ነው። ቆይቶም አንድ የቅርስ ባለሙያ መስቀሉን አይቶ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቀን፤ የት ተገኘ? ምን ያህል ጥልቀት ላይ? አብሮት ምን ነበር? ለአንዱም መልስ አልነበረንም። ገበሬው በዚያ ወቅት ሦስት ማሳ አርሶ ነበርና እርሱም አላስታወሰም። መስቀሉ ቀረልን፤ ታሪኩ ግን ጠፋ። ወሬው በአካባቢው ሲናኝ መስቀሉ «ወርቅ» ሆነ፤ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይም በዚያ ተራራ ግርጌ በሌሊት የተቆፈሩ ጉድጓዶች ታዩ።

ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው እንደ ሊቅ ሳይሆን እንደ ተጸጸተ ሰው ነው።

ከአፈር ውስጥ የተሰወረን ነገር መፈለግ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ታላቅ በዓል አንዱ በፍለጋ ላይ የቆመ ነው። ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ስትፈልግ ያደረገችውን አስቡ። በመጀመሪያ ሽማግሌ ጠየቀች፤ አረጋዊው ኪራኮስም የአባቶቹን ቃል ነገራት። ከዚያ ጸለየች፤ ደመራ አስደመረች፤ የዕጣኑ ጢስ ስፍራውን አመለከታት። ቁፋሮው መስከረም 17 ቀን ተጀምሮ መጋቢት 10 ቀን መስቀሉ እንደ ተገኘ ትውፊታችን ያስተምራል። ፍለጋው በቀን፣ በሕዝብ ፊት፣ በታወቀ ባለ ሥልጣን ትእዛዝ የተደረገ ነበር፤ የተገኘውም ለሁሉ ሆነ። በእርሻ ውስጥ ስለ ተሰወረው ሀብት ጌታ በምሳሌ ያስተማረውንም እናስታውስ፤ ሰውየው ሀብቱን በሌሊት ቆፍሮ አልወሰደም፤ ያለውን ሁሉ ሸጦ እርሻውን ገዛ። ምሳሌው የሚናገረው ስለ መንግሥተ ሰማያት ቢሆንም፣ በሰው ማሳ ላይ በሥርቆት መቆፈር እንደማይገባ ከዚያም መማር ይቻላል።

የሀገራችን ልምድም ሽማግሌን መጠየቅ እንደሚቀድም ያሳያል። በትግራይ በየሓ አጠገብ ቤተ ሰማዕቲ በተባለው ስፍራ የጥንት ከተማና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ተገኝቷል፤ ውጤቱም በ2012 ዓ.ም. ለዓለም ተገልጿል። አጥኚዎቹ ወደ ጉብታው ያመሩት የአካባቢው ሰዎች ስፍራው ጥንታዊና የከበረ መሆኑን ስለ ነገሯቸው ነው። ከቁፋሮው የወርቅ ቀለበትና የመስቀል ምልክት ያለበት የድንጋይ ጌጥ ወጥተዋል። በአክሱምም ንጉሥ ዒዛና በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ ያስጻፈውን አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ያገኙት ገበሬዎች ናቸው፤ ድንጋዩ በተገኘበት ስፍራ ቆሞ ዛሬም ይጎበኛል። እነዚያ ገበሬዎች ድንጋዩን ሰብረው ለቤት መሠረት ቢያደርጉት ኖሮ ዛሬ አንድ የታሪክ ምስክር ባልኖረን ነበር።

«ይህ የሰሜን ነገር ነው፤ በእኛ አገር ምን አለ?» የሚል ቢኖር ወደ አካባቢያችን እንመልከት። የጢያ ትክል ድንጋዮች በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከሐዋሳ ወደ ደቡብ በዲላ መንገድ ስንሄድ የምናገኘው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመዝግቧል፤ በውስጡም ቱቱ ፈላንና ጨልባ ቱቲቲን የመሳሰሉ የትክል ድንጋይ ስፍራዎች ከእንሰትና ከቡና ማሳ ጋር ጎን ለጎን ይገኛሉ። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችም በመከራ ዘመን የሸሹ አባቶች መጻሕፍትንና ንዋያተ ቅድሳትን እንደ ጠበቁ ትውፊቱ ይነግረናል። ስለዚህ በእግራችን የምንረግጠው አፈር ባዶ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ በእኛ አካባቢ አዘውትሮ የሚያወጣው ግን የጦርነት ትራፊ ነው። ራስ ደስታ ዳምጠው በሲዳማ ተራሮች ከጠላት ጋር ሲዋጉ ቆይተው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ። በነጻነት ዘመቻም ሻሸመኔ ግንቦት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. ከኢጣሊያ እጅ ወጣች፤ ከአምስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 11 ቀን፣ በብላቴ ወንዝ ዳር በአላባ ቁሊቶ ብርቱ ውጊያ ተደረገ። ሠራዊት ያለፈበት መሬት ቀለህ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የዩኒፎርም አዝራርና የራስ ቁር ስባሪ ይዞ ይቀራል። ወጣቱ «ወርቅ» ብሎ የሚቆፍረው ብዙውን ጊዜ ይህን ነው።

አባቶቻችን ሆይ፣ ስለ አዝራሩ ጥቂት እንድንናገር ፍቀዱልን። አዝራር በገበያ ዋጋ የለውም፤ ቆራሌው በኪሎ ሲገዛ ከቀለሁ ጋር ደባልቆ ይወስደዋል። ነገር ግን አምስት ስድስት አዝራር በአንድ መስመር ከአፈር ሲወጣ ምን ማለት እንደሚሆን አስቡ። የበሰበሰ ኮት ሊሆን ይችላል። በኮቱ ውስጥም ሰው ሊኖር ይችላል። በእነዚያ ዓመታት በዱር በገደሉ ወድቀው መቃብር ያልተቆፈረላቸው፣ ፍትሐት ያልተደረሰላቸው ብዙዎች ናቸው። ሰውየው አርበኛ ይሁን ባንዳ፣ ኢጣሊያዊ ይሁን ከእንግሊዝ ጋር የዘመተ አፍሪካዊ፣ አዝራሩ ብቻ ሊነግረን ይችል ይሆናል፤ በአዝራር ላይ የሠራዊት ምልክት ይቀረጻልና። አዝራሩን ለቅሞ አጥንቱን የበተነ ሰው የዚያን ሰው ስም ለሁለተኛ ጊዜ ቀበረው። የሙታንን ክብር የመጠበቅ አደራ ደግሞ ከማንም በፊት የተሰጠው ለእናንተ ለካህናት ነው።

ተበታትኖ የሚገኝ ቀለህ እንኳ ምን ሊናገር እንደሚችል ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአሜሪካ ሞንታና ግዛት በ1876 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ወታደሮችና በአገሩ ነባር ሕዝቦች መካከል በሊትል ቢግሆርን ታላቅ ውጊያ ተደርጎ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የሣር እሳት ሜዳውን ሲገልጠው አጥኚዎች በ1984 እ.ኤ.አ. የብረት መፈለጊያ ከያዙ በጎ ፈቃደኞች ጋር ወጡ። እያንዳንዱ ቀለህ በተገኘበት ቦታ ምልክት ተተከለለት፤ ካርታ ላይም ሰፈረ። ከዚህም ተነሥተው ተኳሾቹ ከየት ወዴት እንደ ተንቀሳቀሱ ለማወቅ ቻሉ። መሣሪያው አንድ ዓይነት ነው፤ በእነርሱ እጅ ታሪክ ጻፈ፤ በሌሊት ቆፋሪ እጅ ግን ታሪክ ይቀድዳል። ልዩነቱ ቦታውን መመዝገብና አለመመዝገብ ነው።

ስለ መሣሪያው አሠራርም ማወቅ ይገባናል፤ ባለማወቃችን ወጣቶቻችን ይታለላሉና። የብረት መፈለጊያ በጫፉ ላይ የሽቦ ጥቅልል አለው። በጥቅልሉ ውስጥ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ የማግኔት ኃይል ወደ መሬት ይልካል። በአፈሩ ውስጥ ማዕድናዊ ነገር ካለ በእርሱም ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ መሣሪያው ያንን ተቀብሎ ይጮኻል። ነገሩ ይህ ብቻ ነው። ተራው መሣሪያ የሳንቲም ያህል ዕቃ የሚያገኘው አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ጥልቀት ነው። ወርቅን ከጠርሙስ ቆርኪ በእርግጠኝነት አይለይም። እንደ ስምጥ ሸለቆ ባለ የእሳተ ገሞራ አፈር ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ራሱ ያስጮኸዋል። «አሥር ሜትር ዘልቆ ወርቅ ያያል» እየተባለ በብዙ ገንዘብ የሚሸጠው ነገር ማታለያ ነው። ለዚህ ሲሉ በሬ የሸጡ፣ እቁብ የበሉ፣ ከዘመድ የተበደሩ ወጣቶች አሉ። ኪሳራቸውን ለማካካስ ሲሉም ወደ አሮጌ መቃብርና ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይጠጋሉ። ክፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስግብግብነት ሳይሆን ከዕዳ ነው። ይህን የምንለው ልጆቹን ስንገሥጽ እንድንራራላቸው ነው።

ከሁሉ የከፋው ሞት ነው። መሣሪያው የሚጮኸው ለቀለህ ብቻ አይደለም፤ ላልፈነዳ የእጅ ቦምብና ለሞርታር ጥይትም ይጮኻል። ፈንጂ ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ይዳከማል ማለት ስሕተት ነው፤ ዝገት ይበልጥ አደገኛ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ቅርጹ የማይታወቅ ብረት ሲገኝ መንካት፣ መቀጥቀጥ፣ ወደ ቤት መውሰድ አይገባም። ቦታውን ከሩቅ ምልክት አድርጎ፣ ሕፃናትንና ከብትን አርቆ፣ ለፖሊስ ማስታወቅ ነው። ይህ በዐውደ ምሕረት ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

ወደ ሕጉ እንለፍ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመፈለግና ለመቆፈር ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። በማረስ፣ በግንባታ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያው ማስታወቅና ተረካቢው እስኪመጣ ድረስ እንዳለ ጠብቆ ማቆየት አለበት። ይኸው ሕግ በአጋጣሚ ያገኘውን ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው ያዛል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ገበሬው አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ በሌሊት ከሚመጣው ደላላ ይልቅ በቀን ወደ እናንተ ይመጣ ነበር።

አንዳንድ ወጣቶች «በእንግሊዝ አገር ሰው ሁሉ በሜዳ እየዞረ ይፈልጋል፤ ሀብታምም ይሆናል» ይሉናል። እውነት ነው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በስታፎርድሻየር አንድ ሰው በገበሬ ማሳ ላይ በዚህ መሣሪያ የጥንት ወርቅ አግኝቶ ከሦስት ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተገምቷል፤ ገንዘቡንም ፈላጊውና ባለ ማሳው ተካፍለዋል። ነገር ግን ያ ሰው ባለ ማሳውን አስፈቅዷል፤ ያገኘውንም ለመንግሥት አስታውቋል፤ ወርቁ ዛሬ በሙዚየም ነው። የእነርሱ ሕግ ለግለሰብ ይፈቅዳል፤ የእኛ ሕግ ያለ ፈቃድ ይከለክላል። የዚያን አገር ትርፍ አይቶ የዚያን አገር ሥርዓት መተው ግን በሁለቱም አገር ጥፋት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ አንድ ከባድ ጥያቄም መሸሽ የለብንም። ባለፈው ጊዜ አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ «ልጆቻችን ሥራ የላቸውም፤ መሬቱም ጠብቧል፤ ደላላው የሚሰጠው ገንዘብ የዓመት ቀለብ ነው፤ እናንተ ግን ዝም ብለህ አስረክብ ትላላችሁ» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሽልማቱ ሊዘገይ እንደሚችልም እንቀበላለን። መልሳችን ይህ ነው። ደላላው የሚከፍለው አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱም ከዕቃው እውነተኛ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ጢያና አክሱም ግን በየዓመቱ እንግዳ ይቀበላሉ፤ ዙሪያቸው ያሉ ሰዎችም ከአስጎብኚነት፣ ከማደሪያና ከእጅ ሥራ ይጠቀማሉ። ተቆፍሮ የተሸጠ ስፍራ ዳግመኛ እንግዳ አይጠራም። ቢሆንም ይህ መልስ ዛሬ ለተራበ ልጅ እንደማይበቃ እናውቃለን። ስለዚህ በየአጥቢያው የሚቀረጹ የልማት ሥራዎች፣ እርከንም ሆነ የችግኝ ጣቢያ ወይም የንብ ማነብ፣ እነዚህን ወጣቶች ስም በስም እንዲያስቀድሙ እንለምናለን። መሣሪያውን ንጠቁት ብቻ አንልም፤ በእጁ ሌላ ሥራ ስጡት እንላለን።

እንግዲህ ከእያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የምንጠይቀው አምስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ አንድ የመዝገብ ደብተር ይከፈት። ማንም ምእመን ከአፈር ያገኘውን ሲያመጣ ቀኑ፣ የማሳው ስምና አቅጣጫ፣ ጥልቀቱ፣ አብሮት የተገኘው ነገርና ያገኘው ሰው ስም ይጻፍበት። በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ለመጠን ማወቂያ አጠገቡ ሳንቲም ይቀመጥ። ቢቻል ዕቃው ሳይነሣ፣ ገና በአፈሩ ውስጥ ሳለ ይነሣ።

ሁለተኛ፣ የተገኘው አይታጠብ፣ አይፈተግ፣ አይጠገን። ለምን እንደ ሆነ አንድ ማስረጃ እንጨምር። የአክሱም ነገሥታት በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ በመስቀሉ ወይም በንጉሡ ምስል ዙሪያ እንደ ወረቀት የሳሳ ወርቅ ይለብጡ ነበር። በንጉሥ ዒዛና ዘመን የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ተነሥቶ በምትኩ መስቀል በሳንቲም ላይ መታየቱ ሀገራችን ክርስትናን ለመቀበሏ ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ ነው። በሎሚና በአመድ የሚፈትግ እጅ ይህን ሁሉ በደቂቃ ይጠርገዋል። የእኛ እጅ እንዲሁ አድርጓል።

ሦስተኛ፣ በጽሑፍ ይታወቅ። ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጻፍ፤ ግልባጩ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጥ። አስረካቢውም ደረሰኝ ሳይቀበል ዕቃውን አይስጥ።

አራተኛ፣ አጥንት ሲታይ ቁፋሮው በዚያው ይቁም። ፖሊስና የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ይጠሩ። ካህኑም ስፍራውን ያስከብር፤ ሲፈቀድ የሚገባው ጸሎት ይደረስ። ይህ ጥንቃቄ ለትክል ድንጋይ ስፍራዎችም ይሁን፤ ብዙዎቹ መቃብሮች ናቸውና። የሌላ እምነት አባቶች መቃብር ቢሆንም መቃብር ነው።

አምስተኛ፣ በዕቃ ቤት ያሉ ንዋያተ ቅድሳትም ይመዝገቡ፤ ፎቶግራፋቸውም ይነሣ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከሀገር ወጥቶ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊመለስ የቻለው መልኩ በሰፊው የታወቀ ስለ ነበር ጭምር ነው። ፎቶግራፍ የሌለው መስቀል ቢሰረቅ «የእኛ ነው» ለማለት ምን ማስረጃ ይኖረናል?

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ የአንድ ደብተርና የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰዉ እናንተን ማመኑ ነው። ገበሬው ያገኘውን ሲያመጣ «ከየት ሰረቅኸው?» ተብሎ ከተጠየቀ ሁለተኛ አይመጣም። «እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ስምህ በመዝገብ ይኑር» ከተባለ ግን ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል።

ንግግራችንን በጀመርንበት እንጨርስ። ያ የመዳብ መስቀል ዛሬ በዚያው አጥቢያ ዕቃ ቤት ነው። እጅግ ያበራል። ምእመናን ሲያዩት «እንዴት ያምራል!» ይላሉ፤ እኛ ግን ባየነው ቁጥር በጀርባው ላይ የነበሩትን ፊደላት እናስባለን። የሰጪው ስም ነበርን? የሞተ ልጅ መታሰቢያ ነበርን? የደብሩ ስም ነበርን? አናውቅም፤ ከእንግዲህም አናውቅም። ያገኘው ገበሬ ግን አሁንም በዚያው ተራራ ግርጌ ያርሳል። ባለፈው ክረምት አንድ የሸክላ ገል አግኝቶ ሳያነሣው በአፈር መልሶ ሸፈነው፤ በላዩ ድንጋይ አኑሮ የአጥቢያውን አስተዳዳሪ ጠራ። ገሉ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። እርሱ ግን ከእኛ ጥፋት ተምሯል፤ እኛም ከእርሱ ተምረናል።

አምላከ ቅዱሳን የአባቶቻችንን አደራ እንድንጠብቅ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።